ጥያቄ ቁጥር 8፦ ሳይኮሎጂ ልትሞሉ ለምታመነቱ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለሴሚስተር ዕረፍት ደብረ ብርሃን ስገባ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አጎቴ "እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?" አሉኝ። "ሻይ ልጠጣ ወይስ ቡናው እስኪፈላ ልጠብቅ እያሉ ነዋ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ቡናው እየተቆላ ስለነበር ይህን ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። እሳቸው ግን "ይቺ ልጅ ተምራለች!" ብለው ለጎረቤት ሳይቀር አወሩልኝ። እናቴ አልሳቀችም። ማታ ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለመሆኑ ከእብድ ጋር ነው እንዴ የምትውሉት?" አለችኝ።

ዩኒቨርሲቲ የቆየሁበትን ጊዜ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው የኖርኩት። ግማሹ ሰው ጠንቋይ ያደርግሻል፣ ግማሹ ያዝንልሻል። በ2016 ተመርቄ አሁን በሙያው እየሠራሁ ነው። ዲፓርትመንት መሙያ በደረሰ ቁጥር "ሳይኮሎጂ ልሙላ?" የሚሉኝ ልጆች ስለማይጠፉ፣ ለእያንዳንዱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ከምልክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፈልጌው አልገባሁም። አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ ኢኮኖሚክስ ነበር የሞላሁት። ሳይኮሎጂን ሦስተኛ ያደረግሁት ፍሬሽማን ላይ ሁሉም ተማሪ በሚወስደው የጄኔራል ሳይኮሎጂ ኮርስ A ስላገኘሁ ብቻ ነው። ያ ኮርስ አሳሳች ነው። የፓቭሎቭ ውሻ ምራቁን ያዝረበርባል፣ ፍሮይድ ሕልም ይፈታል፣ የማስሎው ፒራሚድ ይሳላል፣ የባንዱራ ሕፃናት ትልቅ ሰው አይተው አሻንጉሊቱን ይደበድባሉ። ሁሉም ታሪክ ነው፣ ሁሉም ይጥማል። ዲፓርትመንት ሲገባ የሚጠብቀው ግን ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂካል ቴስቲንግ፣ ሪሰርች ሜተድ፣ ከዚያ ደግሞ የነርቭ ሴልና የአንጎል ክፍል የሚያስሸመድደው ባዮሎጂካል ሳይኮሎጂ ነው። ከክፍላችን ልጆች "ከሒሳብ ሸሽቼ ነው ሶሻል የገባሁት" ይል የነበረ ሁሉ የተያዘው እዚያ ነው። እኔም ጭምር።

የመጀመሪያው ስታቲስቲክስ ላይ C አመጣሁ። ፎርሙላውን በቃሌ ይዤ ገብቼ ጥያቄው "የትኛውን ፎርሙላ ትጠቀማለህ፣ ለምን?" የሚል ሆኖ ጠበቀኝ። ያዳነኝ የስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ልጅ ነው። ካፌ ቁርስ ላይ ዳቦውን አንስቶ "አማካዩ ችግር የለበትም እኮ። ግን አንዱ ቀን እንደ ጡጫ፣ ሌላው ቀን እንደ አውራ ጣት ይመጣል። አንቺን የሚያናድድሽ አማካዩ አይደለም፣ መዋዠቁ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት እሱ ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቀመር መጀመሪያ በዳቦ፣ ቀጥሎ በቁጥር እሠራው ጀመር። ገና ሳትገቡ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ እስከ መጨረሻው ቀን ከቁጥር አትላቀቁም። ቴስት ስትማሩ፣ ጥናት ስታነብቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠሩ ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ታፈጣላችሁ። የሲኒየሮችን አሳይመንት ኮፒ አድርጎ ያለፈ ሰው አራተኛ ዓመት ላይ ለዳታ ትንተና ገንዘብ ከፍሎ ያሠራል፣ ከዚያ ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ሲያቀርብ፣ "ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው?" ሲባል ላቡ ይወርዳል። አይቻለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ቋንቋ ነው። ሃንድአውቱ፣ መጽሐፉ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰው የሚያለቅሰው ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። "ኢምፓቲ"ን፣ የሌላውን ስሜት መረዳት ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ አራት መስመር አድርጌ ለሚድ ጽፌያለሁ። በዚያው ሳምንት የዶርሜ ልጅ ከቤት ስልክ ተደውሎላት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ከ"አይዞሽ" ሌላ አንድ ቃል አልወጣኝም። አይዞሽ ክፉ ቃል አይደለም። ግን ቶሎ ከተባለ ወሬውን ይዘጋዋል፤ ያቺ ልጅም "እሺ" ብላ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች፣ የሆነችውንም አልነገረችኝም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ደብተር ለሁለት ከፈልኩ። በግራ በኩል የመጽሐፉን ቃል፣ በቀኝ በኩል ሰው የሚለውን እጽፋለሁ። በግራ "ዲፕሬሽን" ካለ በቀኝ "ሆድ ይብሰኛል"፣ "ሰውነቴ ከበደኝ"፣ "ዝም ብሎ ያስጠላኛል"፣ "ልቤን ይጫነኛል"። አንድ ካፌ የሚሠሩ እናት "ድብርትማ የለብኝም፤ ጨጓራዬ ነው እንጂ" አሉኝና በዚያው እስትንፋስ እንቅልፍ ካጡ ወር እንዳለፋቸው፣ ምግብ እንደማይበላላቸው፣ የልጃቸው ነገር እንደሚያብሰለስላቸው ነገሩኝ። የድብርት መለኪያ ተብሎ በብዙ ሆስፒታል የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ከሚጠይቃቸው ውስጥ እነዚሁ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም አሉበት። "ድብርት አለብዎት?" ብሎ የጠየቀ ግን ከእሳቸው አፍ የሚያገኘው "የለም" የሚል መልስ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህራችን ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጽሑፍ አምጥተው አስነበቡን። በዋና ዋና የሳይኮሎጂ መጽሔቶች ላይ ጥናት የተሠራባቸው ሰዎች 96 ከመቶ የሚሆኑት ከምዕራባውያን የበለጸጉ አገሮች የመጡ ናቸው ይላል፤ እነዚህ አገሮች ያላቸው ሕዝብ ደግሞ ከዓለም 12 ከመቶ ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ "ታዲያ እኛ የምንማረው ስለማን ነው?" አለ። መምህሩ መልስ አልሰጡም፤ "ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው" ብለው አለፉት። የዚያን ቀን ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ በራሴ እስኪደርስ።

የመመረቂያ ጽሑፌ በፍሬሽማን ተማሪዎች የራስ ግምትና የፈተና ፍርሃት ላይ ነበር። ለራስ ግምት የተጠቀምኩት ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ ነው፤ በዓለም ላይ ይሄን ያህል የተሠራበት ጥቂት ነው። አምስቱ ጥያቄዎች በአዎንታ፣ አምስቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸው። ራሴ ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ጓደኛዬ እንግሊዝኛውን ሳታይ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፣ ተቀራረበ። ደስ ብሎኝ ኮፒ ቤት ሄጄ 150 አባዛሁ። በኪሴ።

ተበትኖ የተመለሰው 138 ነበር። ዳታውን ሌሊት ሙሉ አስገብቼ ክሮንባክ አልፋ የሚባለውን አሠራሁ። ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ 0.70 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። የእኔ 0.19 አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም 0.19።

አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው "የአሉታዎቹን ገልብጠሻል?" አሉኝ። አልገለበጥኩም። "ምንም ዋጋ እንደሌለኝ ይሰማኛል" በሚለው ላይ "በጣም እስማማለሁ" ያለ ሰው ከፍተኛ ነጥብ እየያዘ ከሌላው ጋር ሲደመር ነበር። ሁሉም መጠይቅ የሚሠራ ተማሪ አንዴ የሚወድቅባት ጉድጓድ ናት፤ እናንተ ዘላችሁ እለፏት። አምስቱን ስገለብጥ 0.64 ሆነ። ሶፍትዌሩ "ይህ ጥያቄ ቢወጣ" የሚል ሰንጠረዥ አለው፤ እዚያ ላይ ሁሉን ወደታች የሚጎትተው ጥያቄ ቁጥር 8 ሆኖ ተገኘ። "በይ እንግዲህ" አሉኝ አማካሪዬ፣ "ጥያቄ 8ን ይዘሽ ሂጂና ለሰው አንብቢለት። ምን እንደመለሰ ሳይሆን ምን እንደገባው ጠይቂው።"

ዶርም ገባሁ። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ ጸጉሯን እየተሠራች ነበር። "ልጠይቅሽ፣ 'ለራሴ አሁን ካለኝ የበለጠ ክብር ቢኖረኝ እመኛለሁ።' ትስማሚያለሽ?"

"በጣም እስማማለሁ!"

"ለምን?"

"ክብር የማይፈልግ አለ እንዴ? አንቺ አትፈልጊም?"

ጸጉር የምትሠራትም ልጅ ሚዶውን እንደያዘች "እኔም በጣም እስማማለሁ" አለች።

በመለኪያው ሕግ መሠረት ሁለቱም በዚያ ጥያቄ ላይ ራሳቸውን የሚንቁ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ሲጻፍ የታሰበው "ለራሴ አክብሮት ይጎድለኛል" የሚል ኑዛዜ ነው፤ እኛ ቤት ሲገባ ግን ምኞት ሆነ፣ ምርቃት ሆነ። "ክብር ይስጥሽ" ተብሎ "አልፈልግም" የሚል ማን አለ? በሌላ አገርም ይህ ጥያቄ እንደሚያስቸግር ቆይቼ ነው ያነበብኩት። አንድ የወንዶች ዶርም ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ጥያቄ፣ "በአጠቃላይ በራሴ እረካለሁ" በሚለው ላይ ተኮሳትሮ "ይሄማ ጉራ ነው። 'እግዚአብሔር ይመስገን' የሚል ምርጫ የለውም?" አለኝ። የለውም። "በጣም እስማማለሁ" ነው ያለው። እሱ "አልስማማም" ላይ አክብቦ ነበር፣ በትሕትና።

ቁጥር 8 ወጥቶ 0.71 ሆነ። ነገሩን አድበስብሼ ላልፈው ነበር፤ አማካሪዬ ግን "ይሄንን ነው የምትጽፊው፣ ሌላውንማ ሁሉም ጽፎታል" ብለው አንድ ገጽ ተኩል አስጻፉኝ፤ ዲፌንስ ላይ ፈታኞቹ የጠየቁበት ክፍል እሱ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ምክሬ፦ 150 ከማባዛታችሁ በፊት ለ10 ሰው አንብቡ፣ እያንዳንዱ ምን እንደገባው በራሱ አፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ። አንድ ከሰዓት ነው የሚፈጀው።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ፤ የማፍርበት ነገር ስላለ ነው ያዘገየሁት። አራተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። "የምክር አገልግሎት ክፍል" የተባለው የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበር፤ በአንድ ጥግ የተፈታ መረብና አየር የጎደለው ኳስ፣ በሌላው ሁለት ወንበር። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስተኛው ላይ አወራኝ። ምን እንዳወራኝ እዚህም አልጽፍም።

የዚያን ዕለት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ግቢ በር ላይ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቤት ሆነን ስለ ልጁ አወራሁ። ስም አልጠራሁም፣ በዚህም ኮራሁ። ግን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ሰፈሩን፣ አባቱ የሚሠራበትን ተናገርኩ፤ ታሪኩ እንዲገባቸው ነዋ። ቡናውን የምትቀዳው ልጅ ስኒውን ስታስቀምጥ እጇ ቆም ያለ መሰለኝ። ልብ አላልኩም።

በሁለተኛው ቀን ልጁ በር ላይ ቆሞ ሳይገባ "ቲቸር፣ ቡና ቤት ስለኔ አውርተሻል እንዴ?" አለኝ። ቡና የምትቀዳው እህቱ ናት። ይቅርታ ጠየቅሁት። "ችግር የለውም" ብሎ ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ በኮሪደር ስንተላለፍ መሬት እያየ ነበር የሚያልፈው።

ለሱፐርቫይዘሬ ሄጄ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። "ስም አለመጥራት ምስጢር መጠበቅ መሰለሽ?" ብላ፣ ሪፖርቴ ላይ እንድጽፈው፣ ከጓደኞቼ ጋር ጉዳይ የምወያይበት ቦታም የሱፐርቪዥን ሰዓት ብቻ እንዲሆን አደረገች። እኔም ከዚያ ወዲህ ማንም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ገና ወሬ ሳይጀመር የምነግረውን አዘጋጀሁ፦ የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል፤ ራስህን ወይም ሌላ ሰው የምትጎዳ ከሆነ ግን፣ ወይም የሚጎዳህ ሰው ካለ፣ ለሚረዳ ሰው መናገር ግድ ይለኛል፣ ያኔም ለአንተ ሳልነግርህ አላደርገውም። በኋላ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር "የመጡትን ልጆች ስምና ችግራቸውን ዘርዝረሽ አምጪ" ሲለኝ ቁጥር ብቻ ጽፌ የሰጠሁት ያንን ልጅ በር ላይ ስላየሁት ነው። ካላየሁት ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እሰጥ ነበር፣ በሁለት ኮፒ።

ሌላው ቶሎ ይነገር። ሳይኮፓቶሎጂ፣ ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረውን ኮርስ፣ የምትወስዱበት ሴሚስተር ሁላችሁም ትታመማላችሁ። እኔ በጥቅምት የጭንቀት፣ በኅዳር የስብዕና ችግር ነበረብኝ፤ የተለያየነውን ጓደኛዬንማ "ናርሲሲስት" ብዬ ለመላው ዶርም አውጃለሁ። ለወዳጅና ለዘመድ ምርመራ አትስጡ፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስም አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ አይነሳም። ከልባችሁ የከበዳችሁ ነገር ካለ ደግሞ የግቢው የምክር ክፍል ሂዱ። እኔ ሄጃለሁ። ከወንበሩ በዚያኛው በኩል መቀመጥን ያየሁት ያኔ ነው፤ አማካሪዋ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም ሳትል ጠበቀችኝ፣ እኔም መናገር የጀመርኩት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ከመጣ ወዲህ ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ 50 ከመቶ ነው ማለፊያው። ከቆዩ ኮርሶች ስለሚወጣ የሁለተኛ ዓመት ሃንድአውታችሁን አትጣሉ። ጀርመናዊው ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ እንደከፈተ ሁላችንም በእንቅልፍ ልባችን እንመልሳለን፤ የሚጥለው የሪሰርችና የቴስቲንግ ጥያቄ ነው። እንደገና ስታቲስቲክስ።

ሥራን በተመለከተ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያ ዲግሪ ቴራፒስት አትሆኑም። ለእናቴ ያስረዳኋት እንዲህ ነው፦ መድኃኒት በዋናነት የሚያዘው የሕክምና ዶክተር ሆኖ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገው ነው፤ በንግግር የሚያክመው በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው ነው፤ እኔ የሁለቱም በር ላይ ነኝ። "በር ላይ ደመወዝ አለ?" አለችኝ። አለ፣ ግን ይጠበቃል። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ "በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በተዛማጅ ሙያ" ስለሚል ከሦስት ዲፓርትመንት ልጆች ጋር ትሰለፋላችሁ። ትምህርት ቤቶች፣ ተፈናቃዮችንና ሴቶችን ሕፃናትን የሚረዱ ድርጅቶች፣ የሰው ኃይል ክፍሎች ናቸው የሚፈልጉን። እኔ ስምንት ወር ፈልጌያለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሲጂፒኤዬ ይልቅ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ ከማን ጋር ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ፣ ስንት ቋንቋ ትችያለሽ። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ የክፍሌ ልጆች ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። ዶርም ውስጥ የሚያስተምራችሁ ሰው በነፃ አለ፤ እኔ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ "አካም"ን ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት።

አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ኳስ የለም፤ በሩ ግን ድምፅ ስለሚያሳልፍ መጀመሪያ ያስገዛሁት ወፍራም መጋረጃ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለች፤ ፎርሙ በማግስቱ ይዘጋ ነበር። ይህንን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እሺ እቴቴ፣ ግን ሒሳብ አለው?" አለችኝ።

"አለው።"

"ብዙ?"

"ዳቦ ትበያለሽ አይደል?" አልኳት።